ደመ ከልብ፦ የውሻና የድመት የደም ግፊት ታሪክ ከመካነ ሰላም ደጋ ሲታይ

በቋንቋችን አንድ ሰው በግፍ ሞቶ ገዳዩ ሳይጠየቅ ሲቀር «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» ይባላል። የውሻ ደም ፈላጊ የለውም፣ ካሣም አይጠየቅበትም ማለት ነው። አባባሉ ስለ ፍርድ የተነገረ እንጂ ስለ ሕክምና የተነገረ አይደለም። ይሁን እንጂ የደም ግፊትን ታሪክ ለሚመረምር የእንስሳት ሐኪም ቃሉ ሌላ ትርጉም ያዝላል። ዛሬ በየጤና ጣቢያው በሰው ክንድ ላይ የሚለካው ግፊት ምንነቱ የተገለጠው፣ የሕመሙም ምክንያት ከፊሉ የታወቀው፣ በፈረስና በውሻ ደም ነው። ያ ዕውቀት ተመልሶ ለውሻውና ለድመቷ እስኪደርስ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ረጅም መንገድ ታሪክ በአጭሩ መተረክና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለሚሠራ ባልደረባ ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ማመልከት ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሕዝባችን ይህን ሕመም «ደም ብዛት» ብሎ ይጠራዋል። ስሙ ደሙ ከልክ በላይ በዝቷል የሚል ግምት ያሳድራል። ሐኪሞች የሚለኩት ግን የደሙን ብዛት ሳይሆን ደሙ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈውን ኃይል ነው። ስለዚህ «የደም ግፊት» የሚለው አጠራር ለሙያችን ይበልጥ ይስማማል።

የደምን ግፊት መጀመሪያ በቁጥር የገለጸው እንግሊዛዊው የደብር ቄስ ስቲቨን ሄልስ ነበር። አንዲት ባዝራ አስሮ ካስተኛ በኋላ በጭኗ የደም ሥር ላይ ረጅም የመስታወት ቱቦ አቆመ፤ ደሙም በቱቦው ውስጥ ከ8 ጫማ በላይ፣ ማለትም ወደ 2 ሜትር ተኩል ያህል ወጣ። ሄልስ ሙከራውን በውሾችም ላይ ደጋግሞ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1733 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1828 ፈረንሳዊው ፕዋዜይ ረጅሙን ቱቦ ትቶ ሜርኩሪ በያዘ አጭር ቱቦ መለካት ጀመረ። እስከ ዛሬ ግፊትን በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የምንቆጥረው ከዚያ በወረስነው ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ የግፊቱን መውጣትና መውረድ በሚሽከረከር ወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ሠራ። በዚህ ዘመን ሁሉ ግፊትን መለካት ማለት የደም ሥርን መቁረጥ ማለት ነበር፤ የሚቆረጠውም የእንስሳ ደም ሥር ነበር።

የዓድዋ ጦርነት በተካሄደበት በእ.ኤ.አ. 1896 ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ በክንድ ላይ የሚጠመጠምና በአየር የሚነፋ መለኪያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1905 ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ ከመጠምጠሚያው በታች በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ ገለጸ። ሰው ከዚያ ወዲህ ያለ ቁስል ተለካ። ውሻና ድመት ግን ከዚህ በረከት ሳይካፈሉ ቀሩ። የእግራቸው ደም ሥር ቀጭን፣ ቆዳቸውም በጠጉር የተሸፈነ በመሆኑ ኮሮትኮቭ የሰማው ድምፅ በእነርሱ ላይ በሚታመን ሁኔታ አይሰማም። ለሰው የተሠራው መለኪያ በማዳመጫ ብቻ ለእነርሱ የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ውሻው ለሰው መዋሉን ግን አላቋረጠም። አሜሪካዊው ሃሪ ጎልድብላት ግፊታቸው ከፍ ብሎ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን ሲመረምር የኩላሊታቸው ደም ሥር ጠቦ ያይ ነበር። መጥበቡ የግፊቱ ውጤት ነው ወይስ ምክንያቱ? ይህን ለመለየት የውሾችን የኩላሊት ደም ሥር በብር መቆንጠጫ አጠበበ፤ ግፊታቸውም ከፍ ብሎ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1934 የታተመው ይህ ሥራ የታመመ ኩላሊት ግፊትን እንደሚያስነሣ አረጋገጠ። ቲገርሽቴትና በርግማን እ.ኤ.አ. በ1898 ከጥንቸል ኩላሊት ያገኙት ሬኒን የተባለው ንጥረ ነገርም ከዚያ በኋላ ተገቢውን ትኩረት አገኘ። በ1960ዎቹ ብራዚላዊው ፌሬይራ በእባብ መርዝ ላይ ያደረገው ምርምር ይህን የኩላሊት ሥርዓት የሚገታ መድኃኒት እንዲሠራ በር ከፈተ፤ ካፕቶፕሪል እ.ኤ.አ. በ1981 ለሰው ተፈቀደ። ኢናላፕሪልና ቤናዜፕሪል የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ዕዳው መከፈል የጀመረው ዘግይቶ ነው። በድምፅ ሞገድ የሚሠራው ዶፕለርና የደም ሥርን ንዝረት ራሱ የሚያነበው መሣሪያ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሲገቡ፣ ያረጁ ድመቶች በድንገት የሚታወሩበት አንዱ ምክንያት ግፊት መሆኑ ተገለጠ። በ1990ዎቹ አምሎዲፒን የድመቶችን ግፊት በሚገባ እንደሚያወርድ ታየ። የአሜሪካ የእንስሳት ውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2007 መመሪያ አውጥቶ በ2018 አሻሻለው። በተሻሻለው መመሪያ መሠረት የላይኛው ግፊት ከ140 በታች ከሆነ ደኅና፣ ከ140 እስከ 159 የጥንቃቄ፣ ከ160 እስከ 179 ከፍተኛ፣ 180ና ከዚያ በላይ ደግሞ እጅግ ከፍተኛ ይባላል።

በአገራችን ሙያችን ለምን በሌላ ጎዳና እንደ ሄደ መረዳት አያዳግትም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የዘለቀው ክፉ ቀን የመጣው በከብት ደስታ በሽታ ነው። በሬው ሲያልቅ እርሻው ቆመ፣ እርሻው ሲቆም ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። ሙያው ከዚህ ትዝታ ተወልዶ ዓይኑን በበሬው፣ በበጉና በጋማ ከብቱ ላይ ቢያሳርፍ የሚያስደንቅ አይደለም። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 የታወጀውም በዚህ ዓይነቱ ጽናት ነው። ውሻ ወደ ሙያችን መዝገብ የገባው በአመዛኙ በእብድ ውሻ በሽታ በር ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳመለከቱት እ.ኤ.አ. በ1884 በትግሬ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ታላቅ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ በሚገኘው በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም ከመንደር ውሻ የሚጋባው ይኸው በሽታ ያሰጋዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ውሻ እንደ አደጋ ምንጭ ተቆጠረ እንጂ እንደ ሕመምተኛ አልታየም።

መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የቦረና ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ በስተ ምሥራቅ ወደ ለጋምቦ ሲወጣ ገብስና በግ የሚበዛበት ብርዳም ደጋ ነው። በዚያ አገር ውሻ የበረቱ ዘብ፣ ድመትም የጎተራው ጠባቂ ነች። ከፍታውን የሚያነሣ ባልደረባ ቢኖር አንድ ነገር መለየት ይገባዋል። ቀጭን አየር በዋናነት ከፍ የሚያደርገው የሳንባን የደም ሥር ግፊት ነው፤ በእግር ወይም በጅራት ላይ የሚለካው የመላ አካል ግፊት ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ቁጥር ሲገኝ «የደጋው ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ጉዳዩ ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ግፊት ዓይንን፣ አንጎልን፣ ኩላሊትንና ልብን ይጎዳል። አንጎሉ የተጎዳ ውሻ ይንገዳገዳል፣ ይዞራል፣ ጌታውን አይለይም፣ ያንቀጠቅጠዋል። ዓይኑ የታወረ ደግሞ ከግድግዳ ጋር ይጋጫል፣ በድንገት ሲነካ ይነክሳል። የእብድ ውሻ በሽታ በሚፈራበት መንደር እንዲህ ያለው እንስሳ ፍርዱ በትር ነው። ይህ ፍርድ ከፍርሃት የመጣ እንጂ ከጭካኔ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። የሐኪሙ ተግባር ፍርሃቱን መናቅ ሳይሆን ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። የነርቭ ምልክት ያለበት ውሻ ወይም ድመት ሁሉ በሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ በእብድ ውሻ በሽታ ይጠረጠራል። በባዶ እጅ አይያዝም፣ አፉም አይከፈትም። ሰው ነክሶ ከሆነ ቁስሉ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ተነካሹ ወዲያው ወደ ሕክምና ይሄዳል። እንስሳው በሕይወት ካለ ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቃል። የተረጋጋ፣ የሚበላ፣ የሚጠጣ፣ ነገር ግን የማያይ ያረጀ እንስሳ ሲገኝ የግፊት ጥያቄ ይነሣል።

መመርመሩ ከዓይን ይጀምራል። ከጨለማ ክፍል ውጭ ሌላ ዝግጅት ሳይጠይቅ፣ ሰፍተው የቀሩ ብሌኖች፣ በዓይን ውስጥ የፈሰሰ ደምና ሬቲና የተባለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን መላቀቁ በብርሃንና በማጉያ መነጽር ሊታዩ ይችላሉ። ቀጥሎ መንሥኤው ይፈለጋል። በሁለቱም የኩላሊት ድካም ግንባር ቀደም ነው፤ በድመት የታይሮይድ እጢ ከልክ በላይ መሥራት፣ በውሻ ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያለው እጢ መታወክና የስኳር ሕመም ይታሰባሉ። ብዙ መጠጣት፣ ብዙ መሽናትና መክሳት ጥሩ አመልካቾች ናቸው።

መለኪያ ባለበት ስፍራ እንስሳው ጸጥ ባለ ክፍል ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይረጋጋ። የሚጠመጠመው ጨርቅ ስፋት ከእግሩ ወይም ከጅራቱ ዙሪያ ከ30 እስከ 40 በመቶ ይሁን፤ ከዚህ የጠበበ ጨርቅ ግፊቱን ከፍ አድርጎ፣ የሰፋውም ዝቅ አድርጎ ያሳያል። የመጀመሪያው ንባብ ተጥሎ የቀጣዮቹ ከ5 እስከ 7 ንባቦች አማካይ ይያዝ። የፈራ እንስሳ ግፊቱ ስለሚወጣ፣ የዓይን ወይም የአንጎል ጉዳት ካልታየ በስተቀር በሌላ ቀን ሳይደገም መድኃኒት አይጀመርም።

ለድመት ተመራጩ አምሎዲፒን ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ 0.625 ሚሊ ግራም ይጀመራል፣ እንደ ግፊቱ ክብደትም 1.25 ሊደርስ ይችላል። ለሰው የሚዘጋጀው የ5 ሚሊ ግራም ክኒን ለስምንት ሲከፈል የመጀመሪያውን መጠን ይሰጣል። ለውሻ አብዛኛውን ጊዜ በኢናላፕሪል ወይም በቤናዜፕሪል ይጀመራል፤ ግፊቱ እጅግ ከፍ ካለ አምሎዲፒን ይታከላል። ውኃ ያነሰው እንስሳ ግን አስቀድሞ ይታደስ፤ አለዚያ እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ዓላማው ግፊቱን ከ160 በታች፣ ቢቻልም ከ140 በታች ማውረድ ነው። ክትትሉ በሳምንት ወይም በ10 ቀን ይጀመራል፤ ዓይን ወይም አንጎል ከተነካ ግን ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይደገማል።

በሬ በሚታመምበት አገር ስለ ድመት ግፊት መጻፍ ቅንጦት ነው የሚል ባልደረባ አይጠፋም። ቅደም ተከተሉን አንቃወምም፤ የበሬው ክትባት ይቅደም። ነገር ግን የታመመውን ከአበደው ለመለየት የሚያስችለው ምርመራ አንድ ባትሪና ጥቂት ትዕግሥት ነው። ያ ልዩነት ሲታወቅ ሕዝቡ ከእውነተኛው አደጋ ይጠበቃል፤ በረት ሲጠብቅ ያረጀውም ውሻ ያለ ምርመራ አይገደልም። የደም ግፊትን ዕውቀት ከውሻ ደም የተበደረ ሙያ ለውሻ ይህን ያህል መመለስ አይከብደውም።