ሶኬት፦ የአንድ ውሳኔ ታሪክ



እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 አርፓኔት ወደ ቲሲፒ/አይፒ ተሸጋገረ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ፣ በአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት በዳርፓ ድጋፍ፣ 4.2 ቢኤስዲ የተሰኘውን የዩኒክስ ዝርያ አወጣ። ዛሬ በክፍል የምናስተምራቸው ሶኬት፣ ባይንድ፣ ሊስን፣ አክሰፕትና ኮኔክት የተሰኙት ጥሪዎች በስፋት የታወቁት በዚህ ሥርዓት ነው።

የበርክሌይ ሰዎች የኔትወርክ ግንኙነት ልክ እንደ ፋይል እንዲነበብና እንዲጻፍበት ወሰኑ። ውሳኔው ትምህርቱን አቀለለ፤ ወጥመድም ትቶ አለፈ። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ፣ ደንበኛው በአንድ ጊዜ የላከውን መልእክት አገልጋዩ በአንድ ንባብ ሙሉውን የሚቀበል ይመስለኝ ነበር። ፕሮግራሜ በአንድ ኮምፒውተር ላይ በሚገባ ሠራ፤ በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ግን መልእክቱ እየተቆራረጠ ደረሰ። ለቀናት ሽቦውን ስወቅስ ሰነበትሁ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ቲሲፒ የሚያደርሰው ቅደም ተከተሉን የጠበቀ የባይት ፍሰት እንጂ መልእክት አይደለም። የመልእክቱን ድንበር የሚያበጀው፣ ርዝመቱን አስቀድሞ በመላክ ወይም የማብቂያ ምልክት በማኖር፣ ፕሮግራመሩ ነው።

ከኮዱ አስቀድሜ ይህን ታሪክ የማስተምረው ስለዚህ ነው። ሶኬት ፋይል የሚመስለው ሰዎች እንዲመስል ስለወሰኑ ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ የስሕተቱን ምክንያት ከሌለበት ቦታ ሲፈልግ ይኖራል።