ግድግዳው ሲታደስ፣ መብቱ ሲለወጥ፦ የሮቢት የቤተሰብ ቤት ታሪክ እንዴት ይጠና?

በራያ ቆላ፣ በቆቦና በወልዲያ መካከል በምትገኘው ሮቢት የአንድን አሮጌ ቤት ታሪክ የሚያጠና ሰው ዓይኑ አስቀድሞ ግድግዳው ላይ ያርፋል። የጭቃ ቤት ግን ዕድሜውን ይደብቃል። ግድግዳው ደጋግሞ ይመረጋል፤ ምስጥ የበላው ማገር ይለወጣል፤ የሣሩ ክዳን ተነሥቶ ቆርቆሮ ይመታል። ስለዚህ የቤቱ ታሪክ ከግንባታው ይልቅ በይዞታው ለውጥ ቢጻፍ ይሻላል የሚለው የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ነው።

የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው በመንገድ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልዲያና በማይጨው አስመራ የሚደርሰውን የመኪና መንገድ ሠራ። በእንዲህ ያለ መንገድ ዳር ፊት ለፊት ያለው ክፍል ሱቅ ወይም ጠላ ቤት ለመሆን ይመቻል፤ ማድ ቤቱና መኝታው ወደ ጓሮ ይሸሻል። አጥኚው እንግዲህ ቤቱ ፊቱን ወዴት እንዳዞረና መቼ እንዳዞረ መጠየቅ አለበት።

ከሁሉ የከበደው ለውጥ ግን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደለት፤ ትርፍ የተባለው ተወረሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። በዚህም አንድ ቤት ሁለት ትውስታ ሊኖረው ቻለ፦ የሠራው ቤተሰብና ለዐሥርተ ዓመታት የተከራየው ቤተሰብ። አንዱን ብቻ አነጋግሮ የተጻፈ ታሪክ ጎደሎ ነው።

ሦስተኛው ውርስ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድና ሴት ልጆችን በእኩል ያወርሳል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ መሬቱን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ በላዩ ለተሠራው ቋሚ ንብረት መብት ይሰጣል። ቤቱ ሳይከፋፈል ሲቆይ አንዱ ወራሽ ይኖርበታል፣ ሌሎቹ በአዲስ አበባ ወይም በዓረብ አገር ሆነው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። የእኅቶች ድርሻ በሽምግልና ሲቀነስ በወረቀት ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ ሴቶቹን ለብቻ መጠየቅ ግድ ነው።

የግብር ደረሰኝ፣ የቦታ ካርታ፣ የኪራይ ውልና ኑዛዜ ከቃል ምስክርነት ጋር ጎን ለጎን መነበብ አለባቸው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ወደ ቆቦ አካባቢ መዝለቁም ሥራውን አጣዳፊ ያደርገዋል፤ ሰነዱን ፎቶ አንሥቶ ቅጂውን በሌላ ቦታ ማኖር ከትርጓሜው ይቀድማል።