ገንዘብ ያልቀረጹ ነገሥታት

የፖላንድ ብሔራዊ ባንክ የመካከለኛው ዘመን ነገሥታቱን ገንዘብ፣ የቦሌስዋፍ ክሮብሪን ዲናር ጭምር፣ በመታሰቢያ የብር ሳንቲሞች ላይ መልሶ አስቀርጿል። የእኛ ባንክ ይህን ላድርግ ቢል ምን ያስቀርጽ ይሆን?

መልሱን ፍለጋ ወደ አምባሰል፣ ወደ ግሸን አምባ እንውጣ። የመንግሥቱ ወራሾች ተለይተው ይጠበቁበት ከነበረው ከዚህ አምባ ናዖድ በ1494 እ.ኤ.አ. ወርዶ ነገሠ። ግማደ መስቀሉን በዚያው ያኖረው፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የገዛው ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ይሁንና ያን ያህል ኃያል ንጉሥ በስሙ አንዲት ሳንቲም አላስመታም። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ያየው መገበያያ አሞሌ ጨው ነበር፤ ከመገኛው በራቀ ቁጥር ዋጋው እየናረ የሚሄድ ጨው። ወርቅም በሚዛን ይከፈል ነበር።

ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚያነቡ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ግብሩን በእህል፣ በከብት፣ በማርና በወርቅ የሚሰበስብ፣ ወታደሩንም በጉልት የሚያሳድር መንግሥት ሳንቲም ሳያስመታ ሊኖር ይችላል። ጥበቡማ ቀድሞ ነበረን። አክሱም ከ270 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ መትታለች። በኢዛና ዘመን መስቀል በገንዘቧ ላይ ታየ፤ በብሩ ሳንቲም ላይ ወርቅ መለበጥም የባለሙያዎቿ ልዩ ጥበብ ነበር።

ታዲያ የመታሰቢያ ብሮቻችን ምን ያስታውሳሉ? በ1964 ዓ.ም. የወጡት ከቴዎድሮስ እስከ ኃይለ ሥላሴ ያሉትን ነገሥታት ይዘዋል። በ1970 የደጋ አጋዘን፣ በ1972 የዓለም የሕፃናት ዓመት፣ በ1974 የዓለም ዋንጫ እግር ኳስ ተራ ደረሳቸው። የእግር ኳሱን ነገር ለአንባቢ ፍርድ እተወዋለሁ! በእነዚህ ሁሉ ላይ ግን ከቴዎድሮስ በፊት የነገሠ አንድም ንጉሥ የለም።

ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ያስመቱት ብር እንኳ ማርያ ቴሬዛን ከገበያ አላስወጣም። ሕዝቡ የለመደው 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ያለበትን ጠገራ ነበር። አንጥረኛም አቅልጦ የአንገት መስቀል ይሠራበታል።

ስለ መካከለኛው ዘመን መታሰቢያ ይውጣ ከተባለ፣ ያልነበረ የንጉሥ ሳንቲም ፈጥረን አንቅረጽ። በአንድ ገጹ አሞሌ፣ በሌላው መስቀለኛው የግሸን አምባ ይሁን።