አጭር አበባ፣ ረጅም ታሪክ



በመንገድ ዳር የአበባ ችግኝ የሚሸጡ እኅቶቻችን እንደሚያውቁት ገዢ የሚወደው ቁመቱ አጠር፣ ቅርንጫፉ በዛ፣ አበባው ጠቅጠቅ ያለ ተክል ነው። ሽቅብ የተመዘዘ ተክል በመኪና ሲጫን ይሰበራል፤ መስኮት ላይም ቀጥ ብሎ አይቆምም። ይህ እጥረት ከየት እንደመጣ፣ ማንንስ ምን እንዳስከፈለ ብናውቀው ይጠቅመናል።

ካላንቾን እንውሰድ። ትውልዱ ማዳጋስካር ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሮበርት ብሎስፌልድ የተባሉ የፖትስዳም ጀርመናዊ ለገበያ አስተዋወቁት፤ ሳይንሳዊ መጠሪያውም ስማቸውን ይዟል። እናቶቻችን ለቁስል የሚጠቀሙበት እንዳሁላ የዚሁ ተክል ዘመድ ነው።

ካላንቾ በተፈጥሮው መርዘም ይወዳል። ስለዚህ አምራቾች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዕድገት የሚገታ ኬሚካል ይረጩበት ጀመር። ኬሚካሉ ግንዱን የሚያስረዝመውን የተክሉን ሆርሞን ያዳክማል። ከእነዚህ አንዱ ዳሚኖዛይድ ነው። በ1989 ካንሰር ያመጣል በሚል ስጋት በአሜሪካ ለምግብ ሰብል እንዳይውል ተደረገ፤ ለአበባ ግን ቀጠለ። አበባውን ማንም አይበላውም ተባለ። ነገር ግን የሚረጨው ሰው ይተነፍሰዋል፤ ችግኙን የሚያነሳው ሰው ቅጠሉን ይዳስሳል።

መፍትሔው ከአፈር ውስጥ መጣ። በ1907 ኧርዊን ስሚዝና ቻርልስ ታውንሴንድ የተባሉ አሜሪካውያን በተክል ግንድ ላይ እባጭ የሚያወጣው ባክቴሪያ መሆኑን አሳዩ። በ1977 ደግሞ ሜሪ ዴል ቺልተን የተባሉ ሴት ሳይንቲስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ባክቴሪያው የራሱን ዘረመል ቆርሶ በተክሉ ሴል ውስጥ እንደሚያስገባ አረጋገጡ። የሰው ልጅ በተክል ላይ ዘረመል መጨመር የተማረው ከዚህ ባክቴሪያ ነው። ቺልተን በ2013 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

የዚህ ባክቴሪያ ዘመድ የሆነ ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ከቁስሉ ላይ እንደ ፀጉር የበዛ ሥር ያበቅላል። ከዚያ ሥር የሚያድገው ተክል አጭርና ቅርንጫፋም ይሆናል። በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ሬናተ ሙለርና ባልደረቦቻቸው በ2008 በዚህ መንገድ ያገኙትን አጭር ካላንቾ ይፋ አደረጉ። በላብራቶሪ የተቀነባበረ ዘረመል አልጨመሩም፤ የተጠቀሙት ባክቴሪያውን እንዳለ ነው። የአውሮፓ ሕግ በልውጥ ሕያዋን ላይ ጥብቅ በመሆኑ ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም ነበረው።

ይህ ነገር ለሚያስፈራን አንድ ምሳሌ አለ። በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የምንበላው ስኳር ድንችም የእነዚህን ባክቴሪያዎች ዘረመል በውስጡ ይዟል። ያስገባው ሳይንቲስት አይደለም፤ ተፈጥሮ ራሷ ናት። ይህ ግን ማንኛውም አዲስ ተክል ሳይመረመር ይለፍ ማለት አይደለም።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው የአውሮፓን መስኮት ለማድነቅ አይደለም። በቆቃ አካባቢ ባሉ እርሻዎች ለአውሮፓ ማሰሮ አበባ የሚሆን ቅንጥብ ተቆርጦ ይላካል። በአገራችን የአበባ እርሻዎች አብዛኛው ሠራተኛ ሴት ነው። ስለዚህ ኬሚካል የማይፈልግ ተክል መጣ ሲባል ጥያቄያችን ግልጽ ነው፦ ርጭቱ የሚቀንሰው ኮፐንሃገን ውስጥ ብቻ ነው ወይስ እኅቶቻችን በሚሠሩበት ግሪንሃውስም ጭምር? አዲሱ ችግኝ ባለቤትና ዋጋ ይኖረዋል፤ ከርጭት የሚተርፈው ገንዘብስ ወደ ማን ኪስ ይገባል?

መልሱ ከላብራቶሪ አይመጣም። እስከዚያው ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ከርጭት በኋላ ወደ ግሪንሃውስ ለመግባት የሚጠበቅ ሰዓት፣ የሚረጨውን ኬሚካል ስም የማወቅ መብት ይኑረን። ባክቴሪያው ሥራውን ሠርቷል፤ የቀረው የእኛና አብረውን የቆሙ ደጋፊዎቻችን ሥራ ነው።