የቱርቦ እሽቅድምድም መኪና ሙቀት አያያዝ

የቱርቦ እሽቅድምድም መኪና ሙቀት አያያዝ ማለት ቱርቦቻርጀር የተገጠመለት መኪና ለረጅም ሰዓት እሽቅድምድም ሲዘጋጅ የሞተሩን ውሃ፣ ዘይት፣ የሚገባውን አየርና የቱርቦውን ሙቀት በልክ ለመጠበቅ የሚሠራ ሥራ ነው። በአጭር ውድድር አንድ ሞተር ለጥቂት ደቂቃ ቢግልም ውድድሩን ሊጨርስ ይችላል። 6፣ 12 ወይም 24 ሰዓት በሚፈጅ ውድድር ግን የሚፈጠረው ሙቀትና የሚወጣው ሙቀት እኩል ካልሆኑ ሞተሩ መበላሸቱ አይቀርም። ስለዚህ መኪናው የሚታደሰውና የሚገጣጠመው ይህን ሚዛን ታስቦ ነው።

== የሙቀቱ ምንጭ ==

ቱርቦቻርጀር ሁለት ጎማ መሰል ክንፋሞች በአንድ ዘንግ ላይ የተገጠሙበት መሣሪያ ነው። አንደኛው ክንፍ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ይሽከረከራል፤ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ዘንግ እየዞረ ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይገፋል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፣ ኃይልም ይጨምራል። የሐሳቡ ባለቤት የሆነው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1905 እ.ኤ.አ. ነበር።

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ከነዳጁ ጉልበት በግምት ሲሶው ወደ ሥራ ይለወጣል፤ ሌላው ሲሶ በጭስ ይወጣል፤ የቀረው በማቀዝቀዣ ውሃ፣ በዘይትና በሞተሩ አካል በኩል ይጠፋል። ከዚህ የተነሣ የሞተሩ ኃይል በእጥፍ ሲጨምር መወገድ ያለበት ሙቀትም በዚያው መጠን ያድጋል። በከተማ መንገድ የሚሄድ መኪና ከሞተሩ አቅም ጥቂቱን ብቻ ስለሚጠቀም ፋብሪካው የገጠመለት ራዲያተር ይበቃዋል። የእሽቅድምድም መኪና ግን አብዛኛውን ሰዓት ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ይሮጣል።

የቱርቦ ቤንዚን ሞተር ጭስ ከ900 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊደርስ ይችላል። በዚህም ምክንያት በጭሱ በኩል ያለው የቱርቦው ክንፍ ብዙ ጊዜ ሙቀት ከሚችል የኒኬል ቅይጥ ይሠራል። በዙሪያው ያሉ የፕላስቲክ ቱቦዎች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የፍሬን መስመሮች ሙቀት በሚከላከል ሽፋን ካልተጋረዱ ቀስ በቀስ ይቃጠላሉ።

== ሞተሩን ማደስ ==

ያገለገለ ሞተር ለረጅም ውድድር ሲታደስ መጀመሪያ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይለካል። የሚከተሉት ነጥቦች ከሙቀት ጋር በቀጥታ ይገናኛሉ።

* ቴስታታና ብሎክ፦ የሚገናኙበት ገጽ ቀጥ ያለ መሆኑ በማስተካከያ ብረትና በቀጭን መለኪያ ይፈተሻል። ቴስታታው አንዴ ግሎ ከተጣመመ አዲስ ጓርኒሲዮን ብቻ መቀየር አይጠቅምም፤ በማሽን መላግ አለበት። ለቱርቦ ሞተር ብዙ ንብርብር ያለው የብረት ጓርኒሲዮን ይመረጣል።
* የፒስተን ፋሻ፦ ፋሻ ሲግል ይረዝማል። ሁለቱ ጫፎቹ ከተጋጩ ሲሊንደሩን ይቧጥጣሉ ወይም ፒስተኑን ይሰብራሉ። ስለዚህ ለቱርቦ ሞተር በጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከመደበኛው ሰፋ ይደረጋል። 86 ሚሊሜትር ስፋት ላለው ሲሊንደር ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊሜትር የተለመደ ነው፤ የመጨረሻው ቁጥር ግን ከፋሻው አምራች ይወሰዳል።
* ብሮንዚና፦ በዘንጉና በብሮንዚናው መካከል ለዘይት የሚተወው ክፍተት ለ50 ሚሊሜትር ዘንግ 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከጠበበ ዘይቱ ይግላል፤ ከሰፋ ደግሞ ግፊቱ ይወርዳል።
* ፒስተን፦ በመዶሻ ግፊት የተቀረጸ ፒስተን በቅርጽ ከተቀለጠው ይልቅ ጫናን ይችላል። ሲሞቅ ግን የበለጠ ስለሚሰፋ በሲሊንደሩ ውስጥ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል።

== ኢንተርኩለር ==

አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። በ25 ዲግሪ የገባ አየር ግፊቱ በእጥፍ ሲያድግና የመጭመቂያው ብቃት 70 በመቶ ሲሆን ወደ 118 ዲግሪ ይደርሳል። ይህ አየር እንዲሁ ወደ ሲሊንደር ቢገባ ሁለት ጉዳት ያመጣል። አንደኛ፣ ሞቃት አየር ስስ ስለሆነ ኃይል ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ነዳጁ ያለ ሰዓቱ በራሱ እንዲፈነዳ ያደርጋል። ይህ ያለጊዜው የሚከሰት ፍንዳታ «ኖክ» ሲባል በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ፒስተን ሊበሳ ይችላል።

ኢንተርኩለር በቱርቦውና በሞተሩ መካከል የሚቀመጥ አየር ማቀዝቀዣ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ከጭማሪው ሙቀት 70 በመቶውን የሚያወጣ ኢንተርኩለር አየሩን ወደ 53 ዲግሪ ያወርደዋል። በዚህም ብቻ የአየሩ ጥግግት በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሆኖም ኢንተርኩለሩ አብዛኛውን ጊዜ ከራዲያተሩ ፊት ስለሚቀመጥ ራዲያተሩ የሚያገኘው ቀድሞ የሞቀ አየር ነው። በጣም ትልቅ ኢንተርኩለር መግጠም የሞተሩን ውሃ የሚያፈላበት ጊዜ ያለው ለዚህ ነው።

== ራዲያተርና የአየር መንገድ ==

ብዙ ጀማሪዎች መኪናው ሲግል ራዲያተሩን በትልቅ ይለውጣሉ። ይሁን እንጂ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአየሩ መንገድ ላይ ነው። ራዲያተር 100 ኪሎዋት ሙቀት እንዲያወጣ ከተፈለገና የሚያልፍበት አየር በ40 ዲግሪ የሚሞቅ ከሆነ በየሰኮንዱ 2.5 ኪሎግራም አየር ያስፈልገዋል። ይህ በባሕር ጠለል ላይ 2.1 ሜትር ኩብ ያህል ነው።

አየር ሁልጊዜ የሚሄደው ቀላል በሆነለት መንገድ ነው። በራዲያተሩ ጎን፣ ላይና ታች ክፍተት ካለ በጥቅጥቅ ክንፎቹ መካከል ከማለፍ ይልቅ በክፍተቱ ያመልጣል። ስለዚህ ከፊት መከላከያው እስከ ራዲያተሩ ድረስ በአሉሚኒየም ሉህና በስፖንጅ የተዘጋ መተላለፊያ ይሠራል።

መውጫውም እንደ መግቢያው ያስፈልጋል። አየር የሚፈሰው ከከፍተኛ ግፊት ወደ ዝቅተኛ ግፊት ነው። በኮፈኑ የፊት ክፍል ላይ፣ መኪናው ሲሮጥ ግፊቱ ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ፤ መውጫ ቀዳዳ የሚከፈተውም እዚያ ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው ቦታ ግን ግፊቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ኮፈኑን ከኋላ በኩል ከፍ አድርጎ መተው አየሩ ወደ ውስጥ እንዲመለስ ሊያደርግ ይችላል።

== የውሃው ዑደትና ግፊት ==

ንጹሕ ውሃ ከፀረ በረዶ ድብልቅ የበለጠ ሙቀት ይሸከማል። በተጨማሪም ፀረ በረዶ በመንገድ ላይ ሲፈስ እጅግ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ በርካታ የውድድር አዘጋጆች ይከለክሉታል። ንጹሕ ውሃ የሚጠቀሙ ቡድኖች ዝገት የሚከላከል ተጨማሪ ይቀላቅሉበታል።

የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዘው ውሃው የሚፈላበትን ዲግሪ ከፍ ለማድረግ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 1 ባር የሚይዝ ክዳን መፍያውን ከ100 ወደ 120 ዲግሪ ያደርሰዋል። በዑደቱ ውስጥ የቀረ አየር በቴስታታው ላይኛ ክፍል ተሰብስቦ ብረቱን ያለ ውሃ ስለሚተወው አየር ማስወጫ ቱቦው ከዑደቱ ከፍተኛ ነጥብ መነሣት አለበት።

== ዘይትና ቱርቦ ==

የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። ተሸካሚውን የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም የሞተሩ ዘይት ነው። ሾፌሩ ከሙሉ ፍጥነት ገብቶ ሞተሩን ወዲያው ካጠፋው የዘይቱ ፍሰት ይቆማል፤ የጋለው ብረት ግን ሙቀቱን ወደ ተሸካሚው ማስተላለፉን ይቀጥላል። በውስጥ የቀረው ዘይትም አርሮ እንደ ከሰል ይደርቃል፣ ቀዳዳዎቹንም ይደፍናል። ስለዚህ ከመቆሙ በፊት አንድ ዙር በዝግታ መንዳት የተለመደ ነው። ውሃ የሚያልፍበት መካከለኛ ክፍል ያለው ቱርቦም ይህን ጉዳት ይቀንሳል።

በረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ ፓምፑ አየር ሊስብ ይችላል። ይህን ለመከላከል በዘይት መያዣው ውስጥ ግድግዳዎችና አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ በሮች ይሠራሉ። ሌላው መንገድ ዘይቱን በተለየ ጋን ማስቀመጥ ነው።

== የከፍታ ተጽዕኖ ==

በከፍታ ቦታ ሥራው ይከብዳል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር አካባቢ ሲሆን ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ያው የ1 ባር ክዳን እዚህ መፍያውን የሚያደርሰው ወደ 116 ዲግሪ ብቻ ነው። በተመሳሳይ ሙቀት የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለል በሩብ ያንሳል፤ ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው 2.5 ኪሎግራም አየር እዚህ 2.8 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል።

ቱርቦው ስስ አየሩን ስለሚያካክስ ሞተሩ ኃይሉን ብዙም ላያጣ ይችላል። ለዚህ ግን ዋጋ ይከፍላል። በሲሊንደሩ መግቢያ ላይ 2 ባር ፍጹም ግፊት ለማግኘት በባሕር ጠለል አየሩን 2 እጥፍ ገደማ መጭመቅ ሲበቃ በአዲስ አበባ ከ2.6 እጥፍ በላይ ያስፈልጋል። በዚያው የ70 በመቶ ብቃት ስሌት ከቱርቦው የሚወጣው አየር ከ118 ወደ 160 ዲግሪ አካባቢ ያድጋል።

== መለኪያና ማስጠንቀቂያ ==

የሙቀት መለኪያ ብቻውን ሊያታልል ይችላል። ቱቦ ተበጥሶ ውሃው ሲፈስ መለኪያው በባዶ ቦታ ስለሚቀር ሞተሩ እየተቃጠለ ሳለ ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያል። በዚህ ምክንያት የውሃውን ግፊት የሚለካ መሣሪያ ይጨመራል፤ ግፊቱ የሙቀቱ ቁጥር ከመለወጡ አስቀድሞ ይወርዳል። የዘይት ግፊት፣ የዘይት ሙቀትና የሚገባው አየር ሙቀትም ይመዘገባሉ። የሞተሩ ኮምፒዩተር ከተወሰነ ገደብ በላይ ሲሆን የቱርቦውን ግፊት በራሱ እንዲቀንስ መሙላት ይቻላል። ሾፌሩ በሌሊት፣ በድካም ውስጥ ሁሉንም ቁጥር ማንበብ ስለማይችል አንድ ትልቅ ቀይ መብራት ከብዙ ሰዓት መሰል መለኪያዎች ይሻላል።

== በሌ ማን ውድድር ==

ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንሳይ የሚካሄደው የሌ ማን 24 ሰዓት ውድድር የዚህ ሙያ ዋና መፈተኛ ነው። በቱርቦ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸነፈው በ1976 እ.ኤ.አ. ሲሆን አሸናፊው ዣኪ ኢክስና ሄይስ ፋን ሌኔፕ የነዱት ፖርሽ 936 ነበር።

በ1977 እ.ኤ.አ. ያው ዓይነት መኪና በሰፊ ልዩነት እየመራ ሳለ ውድድሩ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የአንዱ ሲሊንደር ፒስተን ተበላሸ። መካኒኮቹ ያንን ሲሊንደር ከሥራ ውጭ አድርገው መኪናውን አቆዩት። በመጨረሻም ዩርገን ባርት በቀሩት አምስት ሲሊንደሮች ቀስ ብሎ ነድቶ ከኢክስና ከሃርሊ ሄይውድ ጋር ድሉን አገኘ።

የዚያ ዘመን የፖርሽ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ነበር። ኃይሉ እየጨመረ ሲሄድ ግን አየር ብቻውን የቴስታታውን ሙቀት ማውጣት አልቻለም። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው 935/78 በውሃ የሚቀዘቅዝ ቴስታታ ሲገጠምለት ሲሊንደሮቹ በአየር መቀዝቀዛቸውን ቀጠሉ። ይኸው አሠራር የነበረው 2.65 ሊትር ሞተር ያለው ፖርሽ 956 በ1982 እ.ኤ.አ. በሌ ማን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ቦታ ያዘ። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት ቱርቦ ያለው አውዲ አር 10 በናፍጣ የሚሠራ የመጀመሪያው የሌ ማን አሸናፊ መኪና ሆነ።