የቃናጢሯ ሠዓሊ

እስቲ ጠጋ በሉ ወገኖቼ፤ ዛሬ አባይን ተከትለን እስከ ካይሮ ልንወርድ ነው፤ መንገዱ ረጅም ነውና አትቸኩሉ።

እ.ኤ.አ. በ1924 ካይሮ ውስጥ፣ መሬትም ክብርም ከሞላው ቤት፣ ኢንጂ አፍላጡን የምትባል ልጅ ተወለደች። እናትና አባቷ ሲለያዩ እናቷ የልብስ ቤት ከፍታ ልጆቿን በራሷ ጉልበት አሳደገች። በቤቱ የሚነገረው ፈረንሳይኛ ነበርና ልጅቱ የአገሬውን ቋንቋ፣ አረብኛን፣ በወጉ የተማረችው ካደገች በኋላ ነው። ይህን ያዙልኝ። ከዚያም ካሜል ኤል ተልሚሳኒ የሚባል ሠዓሊ አስተማራት፤ ከዚያም ገና በ18 ዓመቷ «ጥበብና ነፃነት» ከሚባለው ማኅበር ጋር ሥዕሏን ለሕዝብ አቀረበች፤ ከዚያም ብሩሹን ለጊዜው አስቀምጣ ስለ ሴቶች መብት ስትሟገትና ስትጽፍ ከረመች። በ1948 ላወጣችው መጽሐፍ መቅድሙን የጻፈላት ታላቁ ግብፃዊ ጸሐፊ ጣሃ ሁሴን ነው። ከዚያም ወደ ሥዕሏ ተመልሳ ወደ ላይኛው ግብፅ እየዘለቀች እርሻ ላይ የጎበጡ ሴቶችን ትሥል ጀመር።

በ1959 የፕሬዚዳንት ገማል አብዱልናስር መንግሥት ኮሚኒስቶችን ለቅሞ ማሰር ያዘ፤ እሷም አንዷ ነበረች። የገበሬ ሴት ልብስ ለብሳ ስትሸሸግ ቆየችና በዚያው ዓመት ተያዘች፤ ወደ ቃናጢር የሴቶች እስር ቤትም ተወሰደች። ቃናጢር ከካይሮ በስተሰሜን፣ አባይ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ባሕሩ የሚያቀናበት አገር ነው። ያኔ የአስዋኑ ታላቅ ግድብ ገና አላለቀም ነበርና ክረምት ሲገባ የእኛን ደጋ አፈር ያጠበው ጎርፍ፣ ውሃውን ቡናማ አድርጎ እስከዚያ ድረስ ይዘልቅ ነበር።

ፈቃድ ለምና ቀለምና ሸራ አስገባች። መጀመሪያ የሣለችው አብረዋት የታሰሩትን ሴቶች ነው። በመካከላቸው ሞት የተፈረደባት እናት ነበረች፤ ፍርዱ ልጇን ጡት እስክታስጥል ቆይቶላት፣ ሕፃኑን አቅፋ ትጠብቃለች። ልጁ ባደገ ቁጥር የእናቱ ቀን ይቀርባል። ልጅ ያሳደጋችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ፤ እኔ አልጨምርበትም። ኢንጂ ይህችን ሴት ሣለቻት፤ በፈረንሳይኛ ያደገችው የባለጸጋ ልጅ ከእሷ ጋር ያወራችው በአረብኛ ነው።

ከዚያም ዓይኗን ከግንቡ ባሻገር ጣለች። አንዲት ዛፍ ነበረች፤ ደጋግማ ስለሣለቻት እስረኞቹ «የኢንጂ ዛፍ» አሏት። በወንዙ የሚያልፉትን ጀልባዎች ሸራም በፍርግርጉ መሐል ትሥል ነበር። አንዳንዱን ሥዕል በድብቅ ወደ ውጭ አሾለከችው። ነገሩ ቀላል አይምሰላችሁ፤ ሥዕል እንደ ደብዳቤ ታጥፎ ጉያ አይገባም፤ ቀለሙ ይሰነጠቃል።

በ1963 ተፈታች። ከዚያ በኋላ እጇ ተለወጠ፤ ቀለሙን በአጭር በአጭሩ እየጫረች፣ በጭረቱ መካከል ነጩን ሸራ ሳትነካ ትተወው ጀመር። ብርቱካን ለቃሚዎቹም፣ እርሻውም፣ መንደሩም በዚያ ነጭ ብርሃን ተሞሉ። እኔ ከሥራዋ ሁሉ አስበልጬ የምወደው ግን የእስር ቤቱን ነው፤ እዚያ ያለው ፊት ሁሉ በቅርብ የታወቀ፣ በስሙ የተጠራ ፊት ነው። በ1989 ካይሮ ውስጥ አረፈች፤ ሥዕሎቿም እዚያው ካይሮ፣ በአሚር ጣዝ ቤተ መንግሥት ለሕዝብ ተሰቀሉ። ለሥራም ሆነ ለስደት ካይሮ የምትደርሱ ወገኖቼ፣ ፒራሚዱን ካያችሁ በኋላ ሥዕሎቿንም ፈልጋችሁ እዩ።