ሬሚንግተን ጠመንጃ በኢትዮጵያ

ሬሚንግተን በአሜሪካ የተሠራ፣ ከኋላው አንድ ጥይት እየጎረሰ የሚተኮስ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ጠመንጃ ነው። ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገባው በ1868 ዓ.ም. ከግብፅ ጋር በተደረገው ጦርነት በምርኮ ሲሆን፣ ኋላም በንግድና በውል መጥቷል። ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋል። ዋጋው የሚወሰነው በይዞታው ብቻ ሳይሆን ማን እንደያዘው በሚያስረዳው ማስረጃም ነው።

አሠራር

ጠመንጃውን ያመረተው በኒው ዮርክ ግዛት በኢሊዮን ከተማ የነበረው የሬሚንግተን ፋብሪካ ነው። መነሻውን ሌናርድ ጋይገር ፈለሰፈ፤ ጆሴፍ ራይደር አሻሻለው። ተኳሹ መጀመሪያ መቺውን ወደ ኋላ ይስባል፤ ቀጥሎ መዝጊያውን ወደ ኋላ ገልብጦ ጥይቱን ያጎርሳል፤ ከዚያም መዝጊያውን ይመልሳል። ቃታው ሲሳብ መቺው ወርዶ መዝጊያውን ከሥሩ ስለሚደግፈው፣ ባሩዱ ሲነድ መዝጊያው አይከፈትም። ክፍሎቹ ጥቂትና ጠንካራ በመሆናቸው ለመማርም ለመጠገንም አያስቸግርም ነበር።

ፋብሪካው ከጦር ጠመንጃው ጎን ለአደንና ለዒላማ ውድድር የሚሆኑ ዓይነቶችን ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1874 በክሪድሙር በተደረገው ውድድር አይርላንድን ያሸነፈው የአሜሪካ ቡድን ሬሚንግተንና ሻርፕስ ጠመንጃዎችን ይዞ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ አመጣጥ

ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ያለው ብልጫ በኢትዮጵያ ምድር በጉልህ የታየው ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ግርጌ በአሮጌ ሜዳ ነው። በዚያ ቀን የእንግሊዝ ወታደሮች የያዙት ስናይደር ኋላ በአማርኛ «ሰናድር» ተብሏል።

የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ሠራዊቱን በሬሚንግተን አስታጥቆ ነበር። ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. በጉንደት፣ ከየካቲት 29 ጀምሮ ደግሞ በጉራ፣ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር ግብፆችን ድል ሲያደርግ በሺዎች የሚቆጠሩ ጠመንጃዎች በኢትዮጵያውያን እጅ ገቡ። በጉራ ከግብፅ ጦር አዛዦች መካከል አሜሪካዊው ዊልያም ሎሪንግ ይገኝበት ነበር።

በሸዋ ደግሞ ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃና ጥይት ከነጋዴዎች ይገዙ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ያመጣው ጭነት 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ይገኝበታል። በጥቅምት 1880 ዓ.ም. በተደረገ ውል ጣሊያን ለምኒልክ 5,000 ሬሚንግተን ለመስጠት ቃል ገባች። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ሬሚንግተን ከውጅግራና ከሌሎች አዳዲስ ጠመንጃዎች ጋር አብሮ ዘምቷል።

የባለቤትነት ማስረጃ

በአሜሪካ ሰብሳቢዎች በቅድሚያ የሚመለከቱት የፋብሪካ መዝገብን፣ ደብዳቤንና የሽያጭ ደረሰኝን ነው። ለምሳሌ የዊንቸስተር ጠመንጃዎች መዝገብ በዋዮሚንግ ግዛት በኮዲ ከተማ በሚገኘው ሙዚየም ተቀምጧል። መኮንኑ ጆርጅ ኩስተርም እ.ኤ.አ. በ1873 ለፋብሪካው በጻፈው ደብዳቤ ያደነበትን ሬሚንግተን አመስግኗል።

በኢትዮጵያም በጽሑፍ የተመሰከረላቸው መሣሪያዎች አሉ። ከሁሉ የሚታወቀው ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ ከምትገኘው ከመቅደላ አምባ ጋር የተያያዘ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩላቸው ሲሆን፣ ለቆንስሉ ፕላውደን ላደረጉት ደግነት ምስጋና እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ነበረበት። ከመቅደላ የተወሰደና የውጊያው ቀን የተቀረጸበት ጋሻም በ2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ ለጨረታ ቀርቦ፣ ኢትዮጵያ ስትቃወም ከጨረታው ወጥቷል። ከየት እንደመጣ ያስረዳው በላዩ ያለው ጽሑፍ ነበር።

ተራው ዘማች ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ አልነበረውም። በቦረና፣ በሳይንትና በአካባቢው ደጋማ ወረዳዎች፣ እንደ ሌላው የአማራ ገጠር ሁሉ፣ ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርስ ንብረት ነው። ታሪኩ በፉከራ፣ በለቅሶና በሽማግሌዎች ጨዋታ ይነገራል። ይህ የቃል ማስረጃ ስምና ትውልድ ቢጠብቅም፣ ተናጋሪው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

በዚህ ምክንያት በጠመንጃው ላይ ያለው ምልክትና የቤተሰቡ ትረካ መተያየት አለባቸው። ለግብፅ የተሠሩት ሬሚንግተኖች በዓረብኛ ፊደልና ቁጥር የተቀረጸ ምልክት አላቸው። ምልክቱ ጠመንጃው ለግብፅ መሠራቱን ያሳያል፤ በጉንደት ወይም በጉራ መማረኩን ግን ብቻውን አያረጋግጥም። ማን ማረከው፣ ለማን አወረሰው የሚለውን የሚመልሰው ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ የመለያ ቁጥሩን፣ የምልክቶቹን ፎቶግራፍና የባለቤቶቹን ስም በቅደም ተከተል አንድ ላይ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ሕግና ጥበቃ

በአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ በአብዛኛው እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች፣ ሬሚንግተንን ጨምሮ፣ በአሜሪካ ገበያ ለሰብሳቢዎች ቀርበዋል። ገዢው የፋብሪካውን ስምና የተሠራበትን ዘመን ከብረቱ ላይ ሊያነብ ይችላል። ያልተመዘገበውን የዘማቹን ስም ግን ከብረቱ አያገኘውም።